በእናት ቦታ ላይ ዜሮ

የትነበርሽ ውጤቱን አንብባ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ዓይኖቿን በመዳፎቿ ሸፈነች። ባዶ ነው። ባለፈው ሳምንትም ባዶ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሥራው መሃል ላይ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ የምታማርርበት ነገር በኖራት። ዛሬ ግን መብራቱም አልጠፋ፣ ጄኔሬተሩም አላኮረፈ፣ ፕሮግራሙም ያለ አንድ እንቅፋት ከዳር እስከ ዳር ሄዶ «ምንም የለም» ብሎ መለሰላት።

የምትፈልገው አንድ የተበላሸ ጂን ነው። ከዳባት ወዲያ፣ ገብስና ባቄላ በሚበቅልበት ደጋ፣ የህሩይና የይመኙሽ ሁለት ልጆች እግር እየከዳቸው ነበር። ትልቋ አበቡ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አካሄዷ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ጀሪካን አዝላ ዳገት መውጣት አቃታት፤ አሁን ግድግዳ ሳትይዝ ከመደቡ እስከ ደጃፉ አትደርስም፣ ስትናገርም ቃሉ ከአፏ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ታናሽ ወንድሟ ባምላክ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱ ገና ይሄዳል፣ ትምህርት ቤትም ይውላል፤ ነገር ግን እግሮቹን አራርቆ፣ መሬት መሬቱን እያየ መራመድ ጀምሯል። እህቱም የጀመረችው እንዲሁ ነበር።

ልጆቹን ጎንደር ሆስፒታል የሚከታተላቸው የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ኡዘይር ነው። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሱም እንደ ገበያ ሰው ቁርጡን ነበር ለየትነበርሽ የነገራት።

«ይህ በዘር የሚመጣ ነው። እንዲህ ካሉት በሽታዎች አብዛኞቹ መድኃኒት የላቸውም፤ አንድ ሁለቱ አላቸው። የትኛው እንደሆነ ካገኘሽልኝ ምናልባት ትንሹን ባለበት እናቆመዋለን። ካላገኘሽልኝ እህቱ የሄደችበትን መንገድ ይሄዳል። ደግሞም ፍጠኚ፤ የሞተ ነርቭ አይነሳም።»

የትነበርሽ ሐኪም አይደለችም። ባዮሎጂ ተምራ ኮምፒውተር ላይ የቀረች ሰው ናት። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ደም አነባለሁ» ትላለች፤ ጠንቋይ እንዳትመስል ደግሞ ቶሎ ትጨምርበታለች። ከደም የወጣው የዘር መልእክት ውጭ አገር በማሽን ተነቦ በፊደል ተጽፎ ይመለሳል፤ የእሷ ድርሻ በዚያ የፊደል ክምር ውስጥ ጉዳት ያመጣውን አንድ ስህተት መፈለግ ነው። ሰው ከሰው በብዙ ፊደል ይለያል፤ አብዛኛው ልዩነት ምንም አይጎዳም። ስለዚህ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ወንፊቱም ሕግ ነው። የዚህ ቤት ሕግ ቀላል ነበር። እናትና አባት ጤነኞች ናቸው። እንግዲያው የታመመ ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ የተበላሸ ቅጂ ወርሷል። ሁለቱ ልጆች በአንድ በሽታ ከታመሙ ደግሞ ሁለቱም የወረሱት አንድ ዓይነት ነው። ይህን የማያሟላ ሁሉ ይውደቅ።

ሁሉም ወደቀ።

ችግሩ የት እንዳለ ታውቃለች፤ የአበቡ ናሙና ነው። የትነበርሽ ናሙናው የተባለለት ሰው መሆኑን ሳታጣራ ሥራ አትጀምርም። ዳታው በጥቅምት በሃርድ ዲስክ ተጭኖ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ዕለትም መጀመሪያ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ባምላክ የአባቱም የእናቱም ልጅ ነው፤ አንድም ጥርጥር የለውም። አበቡ የተባለችው ግን የይመኙሽ ልጅ አይደለችም። የህሩይም ልጅ አይደለችም፤ ከእሱ ጋር ያላት ዝምድና አጎት ከእህቱ ልጅ ጋር ያለውን ያህል ነው።

ደሙን የቀዳው የላቦራቶሪ ባለሙያው ማሩ ነው። ዶክተሩ ባዘዘው መሠረት ያን ዕለት ከህሩይ ቤት ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ካሉ የህሩይ ዘመዶችም ወስዷል፤ ከእነሱም መካከል የአበቡ እኩዮች ነበሩ። የዘመዶቹ ደም ወደ ውጭ አልተላከም። ፍሪዘር ውስጥ ቆይቶ መብራት በጠፋበት ሰሞን ተበላሽቶ ተደፍቷል፤ ስለዚህ ማመሳከሪያ የለም። የትነበርሽ ግን ማመሳከሪያም የሚያስፈልጋት አልመሰላትም። ብልቃጥ ተቀያይሯል፤ የአንዷ ዘመድ ደም በአበቡ ቁጥር ታሽጓል። ያኔውኑ ማሩን ጠራችው።

«አያ ማሩ፣ አልቆጣም። እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ። እዚያ ብልቃጥ ተቀያይሮብዎታል?»

«እኔ? እቴ፣ ይህን ፀጉር ያሸበትኩት ደም ስቀዳ ነው።»

«ኮምፒውተሩ ልጅቷ የእናቷ አይደለችም ይላል።»

«ኮምፒውተሩ እዚያ ነበር? እኔ ነበርኩ። ልጅቷ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ እናትዬዋ ክንዷን ይዛልኝ ነው የቀዳሁት። ስታለቅስ እንኳ በነጠላዋ ጫፍ የጠረገችላት እናቷ ናት።»

«ቁጥሩንስ ያን ጊዜውኑ ለጠፉበት?»

«ጠላ አቀረቡ» አለ ማሩ። «እምቢ አይባልም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ጣሳ ብቻ ነው። ከጣሳው በፊት ነው መሰለኝ የለጠፍኩት።»

«መሰለኝ?»

«መሰለኝ።»

ያቺ «መሰለኝ» ለየትነበርሽ በቂዋ ነበረች። ያም ሆኖ ጠንቃቃ ናትና ለይመኙሽ ስልክ ደወለች። ስልኩ የህሩይ ነው፤ ኔትወርክ የሚይዘውም ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው።

«እትዬ ይመኙሽ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ አይቀየሙኝ። አበቡን የወለዷት እርስዎ ነዎት?»



«ምነው? ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝ። ለምርመራው ነው።»

«ሁለቱም የኔ ናቸው። ደም እንውሰድ አላችሁ፣ ሰጠን። አሁን ደግሞ ልጆቼን ልትቆጥሩብኝ ነው?»

የትነበርሽ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። እናት የኔ ናት ካለች፣ ደም ቀጂውም መሰለኝ ካለ፣ ስህተቱ የብልቃጥ ነው። ለአበቡ ሌላ ደም ይቀዳ ተባለ። በዚያው ሰሞን ግን የዳባት መንገድ ተዘጋ። ይከፈታል ሲባል ይዘጋል፣ ተከፈተ ሲባል ተኩስ ይሰማል። ኢንተርኔቱም እንዲሁ፤ ሲመጣ ሰው ሁሉ እየተሻማ ያነቀዋል፣ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ይረሳል።

ባላት ነገር ሠራች። አበቡን ስታወጣት ከባምላክ ብቻ የሚተርፈው ክምር ዓይን ያታክታል፤ ከዚያ ሁሉ መሃል የትኛው ነው ብሎ የሚለይ ነገር የለም። አበቡን ስትመልሳት ባዶ። ሕጉን ታጠብቃለች፣ ታላላለች፣ መልሳ ታጠብቃለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ እንዲሉ ሆነባት። ገና በዚህ አለፈ፤ ጥምቀት በዚህ አለፈ፤ ሁዳዴም በዚሁ አለቀ። በባጃጅ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሾፌሩ «ማራኪ ሰፈር ነሽ?» ሲላት ለመመለስ እንኳ አፏ ይከብዳት ነበር፤ በአገጯ ብቻ ታመለክተዋለች። እናቷ «ምን ሆነሻል?» ይሏታል። ምን እንደሆነች ለመናገር ሥራዋን ከሥሩ ማስረዳት ሊኖርባት ነው። «ደከመኝ» ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት ይመኙሽ ባምላክን ይዛ ጎንደር ገባች። ልጁ ወድቆ ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር። አበቡን ከአባቷ ጋር ቤት ትታታለች። ዶክተር ኡዘይር ለየትነበርሽ ደወለላት።

«ነይና ሰው እዪ። ፊደል ብቻ ስታዪ ዓይንሽ ሊጠፋ ነው።»

ስትደርስ ልጁ ከአልጋው አጠገብ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ፤ ከፋሻው ሥር ግን እየሳቀ ነበር።

«መቼ ነው የወደቀው?» አለ ዶክተሩ።

«ፊቱን ሲታጠብ» አለች ይመኙሽ። «ሁልጊዜ ሲታጠብ ነው። ድንጋዩን ባነሳ ደግሞ ከግንዱ ጋር ይጋጫል። ሳሙና ጠላቴ ነው ይላል።»

«ባምላክ፣ እስቲ ቀጥ ብለህ ቁምልኝ። እግርህን ግጠም። ጎበዝ። አሁን ዓይንህን ጨፍን።»

ልጁ ዓይኑን እንደጨፈነ እንደ ተቆረጠ ሸምበቆ ወደ ጎን ሄደ። ዶክተሩ ተዘጋጅቶ ስለነበር ብብቱን ይዞ አቆመው።

«አየሽ?» አለ ወደ የትነበርሽ ዞሮ። «እግሩ የት እንዳለ የሚያውቀው በዓይኑ ነው። ዓይኑ ሲዘጋ መሬቱ ይጠፋበታል። በጥቅምት ይህ አልነበረበትም።»

የመጨረሻዋን ቃል ድምፁን ሳይለውጥ ነበር ያላት። የትነበርሽ ግን የተሰደበች ያህል ተሰማት።

ዶክተሩ ሌሎች በሽተኞች ስላሉት ሄደ። የትነበርሽ እናትና ልጁን ግቢው ውስጥ ካለችው የሻይ ቤት አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ሻይና ዳቦ አዘዘችላቸው። ባምላክ ዳቦውን ይዞ የሻይ ቤቷን ድመት ሊከተል ሄደ፤ እናቱ በዓይኗ ተከተለችው።

«እትዬ ይመኙሽ፣ ይብሉ እንጂ።»

«አንቺ በይኝ እቴ፤ እርስዎ ስትዪኝ ጥርሴ የረገፈ ይመስለኛል። ደግሞ ያ የስልኩ ነገር፣ ተቆጥቼ ነበር፤ አትያዥብኝ።»

«የያዝኩብሽ ነገር የለም።»

ይመኙሽ ሻዩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ይሄ ልጅ ደካማ ሆኖ ነው የተወለደ። ጡቴም ለእሱ እምብዛም አልነበረ። ይኸው ከዚያ ነው እላለሁ አንዳንዴ። ግን አበቡ እኮ ጠግባ ነው ያደገች። ወተቱ ልብሴን ያበሰብሰው ነበር፤ የሷ ሕመም ከምን መጣ ታዲያ?»

የትነበርሽ ነገሮችን ተራ በተራ ማስቀመጥ ልማዷ ነው። ይህች ሴት አበቡን አጥብታለች፤ ይህ ሐሰት አይመስልም። ደሙ ደግሞ አልወለደችም ይላል። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ ጡት ያለ ልጅ አይሞላም። ስለዚህ አበቡ ስትመጣ በዚያ ቤት ሌላ የተወለደ ሕፃን ነበር። ያ ሕፃን ዛሬ የለም።

ብልቃጥ ተቀያይሮ ከሆነ ይህ ሁሉ ባዶ ግምት ነው፤ የዚህችንም ሴት ቁስል በከንቱ መነካካት ነው። አልተቀያየረም ከሆነ ግን የልጁ እግር መዳኛ እዚህ አግዳሚ ላይ ነው ያለው። አበቡን ወለድሻት ወይ ብላ ዳግመኛ አትጠይቅም። ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይመኙሽ፣ ጡትሽ ለአበቡ እንዲያ የሞላው… የሞተብሽ ልጅ ነበረ?»

ይመኙሽ ባምላክን ፈለገች፤ ልጁ አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ድመቷን በዳቦ እያባበለ ነው፤ አይሰማም። ከዚያ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች።

«ሴት ነበረች» አለች። «ክርስትና ሳትነሳ። ሳምንት አልሞላትም ነበር።»

ሻይዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«በዚያው ሰሞን የህሩይ እህት በወሊድ ሞተች። ባሏ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወርዶ እንደወጣ ቀርቷል። ሕፃኗን በቀሚስ ጠቅልለው አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። እኔ የራሴን ቀብሬ ጡቴ ሊፈነዳ ነው። እሷ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ? ሰጠኋት። ለሞተችው ያሰብኩትን ስም ለእሷ አወጣሁላት። የንስሐ አባታችን ባሉበት እኔም ህሩይም ቃል ገባን፤ አልወለድናትም የሚል ከአፋችን ላይወጣ። አገሩ ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

«ያ አያ ማሩ ሊጠይቅ ሲመጣስ?»

«አጠገቤ ተቀምጣ! መጥቶ ቁጭ አለና ‹እነዚህ ሁለቱን የወለድሻቸው አንቺ ነሽ?› አለኝ፤ እሷው ፊት። ጠላ እየጠጣ። ምን ልበለው? አንቺም በስልክ ያንኑ። ያ ስልክ እኮ እንደ ጡሩንባ ነው የሚጮኸው፤ እሷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ሁሉን ሰምታለች። ‹እማዬ፣ ምንድን ነው ያለችሽ?› ስትለኝ ‹የከተማ ሰው ሥራ ሲፈታ የሚጠይቀው አያጣም› ብዬ ነው ያለፍኩት።»

የትነበርሽ ሳትወድ ሳቀች፤ ይመኙሽም ሳቀችና ወዲያው ዓይኗን ጠረገች። የትነበርሽ ግን በልቧ ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። ማሩ ደም ሲቀዳ የሚሞላውን መጠይቅ ያዘጋጁት እሷና ዶክተሩ ናቸው። ብልቃጡ በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ ጽፈዋል፤ መርፌው የት እንደሚጣል ጽፈዋል። ልጆቹ ውጭ ይጠብቁ የምትል አንዲት መስመር አልጻፉም። ቢጽፉም ማሩ አይፈጽማትም ነበር፤ እንግዳ ሆኖ ገብቶ የቤቱን ልጅ ከቤቱ ውጪ የሚል ማን አለ?

«አሁን ለማን ትነግሪያለሽ?» አለች ይመኙሽ።

«ለዶክተሩ። ለኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩስ ለማን ይናገራል?»

«እሱ ስሟን አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የውጤት ወረቀቷ ላይም እንዳይሰፍር አደርጋለሁ።»

«ማይልኝ።»

«ምን?»

«ማይልኛ፤ በእመቤቴ በይኝ።»

የትነበርሽ በሥራዋ ላይ ምላ አታውቅም። «በእመቤቴ» አለች።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ፕሮግራሙ የሚያነበው የቤተሰብ ሰንጠረዥ አለ፤ በእያንዳንዱ ልጅ ፊት የአባት ቁጥርና የእናት ቁጥር ይጻፋል፤ ወላጁ ካልታወቀ ዜሮ ይገባል። የአበቡን ረድፍ አገኘችው። የአባትን ቁጥር አጥፍታ ዜሮ ጻፈች። የእናትን ቁጥር ስታጠፋ ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ለፕሮግራሙ ዜሮ ማለት አላውቅም ማለት ብቻ ነው፤ ክፋት የለበትም። ቢሆንም እያወቀች አላውቅም ብላ የጻፈችበት ቀን ትዝ አይላትም። ጻፈችና ሕጉን ለወጠች፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ቅጂ ይኑራቸው የሚለውን አንስታ፣ ሁለቱም በአንድ ጂን ላይ ሁለት ሁለት ጉድለት ይኑራቸው፣ ጉድለቱ ግን የየራሳቸው ሊሆን ይችላል አለችው። ፕሮግራሙን አስነሳችው።

በወንፊቱ ላይ አንድ ጂን ቀረ።

ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ወገቧን ብቻ አመማት። አበቡ ሁለቱም ቅጂዎቿ በአንድ ዓይነት ስህተት የተበላሹ ናቸው፤ አንዱ በህሩይ እህት፣ ሌላው መተማ በቀረው አባቷ በኩል የመጣ መሆን አለበት። ባምላክ ያንኑ ስህተት ከህሩይ አንድ ጊዜ ወርሶታል፤ ሁለተኛው ቅጂው ላይ ያለው ግን ሌላ ስህተት ነው፣ ከይመኙሽ የመጣ። ህሩይና ይመኙሽ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተጋቡ ናቸው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ዘሮች ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ይዘው አንድ ልጅ ላይ ተገናኙ። የአበቡንስ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ቀን አይቶት ነበር። ልጅቷ ሁለት ቅጂ አላት፣ እናቷ ግን አንድም የላትም፣ ስለዚህ የማንበቢያ ማሽኑ ስህተት ነው ብሎ ጣለው። የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ሥራው አንድ ነው፤ ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኢን ተቀብሎ ወደ ደም ያሻግራል። አሻጋሪው ሲሰበር ሰው የፈለገውን ቢበላ ቫይታሚኑ ነርቭ ጋ አይደርስም፤ በክኒን በብዛት ሲሰጥ ግን ጥቂቱ ያለ አሻጋሪም ያልፋል። የአበቡ ስህተት ፕሮቲኑን ከመካከሉ የሚቆርጥ ስለሆነ የሚያከራክር አይደለም። የይመኙሽ ስህተት ግን አንዲት ፊደል ብቻ ነች፤ ማንም ዘንድ ታይታ አታውቅም። የትነበርሽ የፕሮቲኑን ቅርጽ አውርዳ ስክሪኑ ላይ አዞረችው። ኢንተርኔቱ እስኪያወርድላት ድረስ ክርኗ ላይ ተደግፋ አሸለበች። ስትነቃ ቅርጹ መጥቷል። መሃሉ ላይ ቫይታሚኑ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ አለ። የተለወጠችው ቦታ የጎድጓዳው ግድግዳ ላይ ናት፤ ፕሮቲኑ እንደ ጨሌ ከተሰካካባቸው ፍሬዎች በትንሹ ፈንታ ትልቅ ገብቶ ቦታውን ሞልቶታል። ቫይታሚኑ የሚቀመጥበት የለውም።

ስዕሉን ይዛ ዶክተር ኡዘይር ዘንድ ሄደችና የይመኙሽን ነገር በአጭሩ ነገረችው። ስዕሉን ተቀበላት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በትልቋ አዎ። በትንሹ ኮምፒውተር እርግጠኛ አያደርግም፤ መምሰል ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ ደም ቀድተን እናስቀምጥ፤ የቫይታሚኑን መጠን ውጭ አስለክተን እናረጋግጣለን። መድኃኒቱን ግን የእሱን መልስ ጠብቀን አንጀምር።»

«አንጠብቅም። ቫይታሚን ኢ እኮ ሴቶች ለፊታቸው የሚገዙት ነገር ነው!» አለና ሳቅ የማይመስል ሳቅ ሳቀ። «ለፊታቸው!»

«በጥቅምት ዳታው እጄ ላይ ነበር።»

«አትቁጠሪው።»

«ሥራዬ መቁጠር ነው።»

ማዘዣውን ጻፈላት።

አራዳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ ጋ ያለችው ያስሚን የትነበርሽን ታውቃታለች። ማዘዣውን አየት አድርጋ መደርደሪያውን እስከ ጥግ ባዶ አደረገችው።

«እንዴ የትነበርሽ፣ ሠርግ አለሽ እንዴ? በዚህ ሁሉ ከተማውን ሙሉ ታሳምሪበታለሽ እኮ።»

«ለልጆች ነው።»

ያስሚን ፊቷን አይታ ቀልዱን ተወችው። ከረጢቱን አስራ ስትሰጣት «አላህ ያሽርልሽ» ብቻ አለች።

ዶክተሩ ለይመኙሽ ሲያስረዳት አንድም ቃል አላቋረጠችውም። ከምግብ ጋር እንደሚዋጥ፣ ዕድሜ ልክ እንደሆነ፣ መቋረጥ እንደሌለበት ነገራት። ሲጨርስ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ «ለአበቡም ነው?» አለች።

«ለአበቡም።»

«እግሯ ይመለሳል?»

«የሄደው መመለሱን አላውቅም። ትንሽ ሊሻላት ይችላል። ከዚህ በላይ እንዳይሄድ ነው የምንሻው።»

«እሱስ?»

«እሱ ላይ ተስፋዬ የተሻለ ነው።»

ይመኙሽ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ እሷ ትቅደም» አለች። «ቤት ስገባ መጀመሪያ ለእሷ ነው የምሰጣት። እሱ ዛሬ ከናንተ ፊት ይዋጥ፤ እዚያ ግን እሷ ትቅደም። ታላቅ ናት።»

ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ወረቀት ተጻፈለት። በአንዱም ላይ ስለ ወላጅ የሚናገር መስመር አልነበረም።

በማግስቱ የትነበርሽ ማሩን ላቦራቶሪው በር ላይ አገኘችው። ይህን ከምትነግረው ሌላ ዓመት ወንፊት ብትነፋ ይቀላት ነበር።

«አያ ማሩ፣ ብልቃጡ አልተቀያየረም ነበር። በትክክል ነው የለጠፉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አልተቀያየረም?» ማሩ ጓንቱን አወለቀ። «እኔ እኮ ሳስበው ሳስበው አምኜው ነበር። ከጣሳው በኋላ ነው ብዬ፣ ለሚስቴም ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መስክ ስወጣ ጠላ ከአፌ አልደረሰም። ታዲያ ልጅቷ የእናቷ አይደለችም ያለው ምን ሆኖ ነው?»

«የኔ ስህተት ነው። ሰንጠረዡ ላይ።»

«የቱ ላይ?»

«ሰንጠረዡ ላይ፣ አያ ማሩ።»

ማሩ አያት። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ምን እንደገባው ወይም እንዳልገባው ከፊቱ አይነበብም። «እሺ» አለ። «እንኳን ተገኘ። ሸጋ ነው።» ጓንቱን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ገባ።

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሐምሌ ገባ። መንገዱ ሲከፈት ማሩ ሌላ ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ከዚያም አጭር ቪዲዮ ላከላት። ኢንተርኔቱ ሦስት ጊዜ አቋርጦባት በአራተኛው ከፈተላት። ጭጋግ አለ። ባምላክ በሁለት የገብስ ማሳዎች መካከል ባለው ጠባብ መሄጃ ላይ ወደ ካሜራው ይመጣል። የትነበርሽ ድምፁን አጥፍታ እግሮቹን ብቻ ተመለከተች። አሁንም ያራርቃቸዋል፤ አሁንም መሬት ያያል። በፋሲካ ካየችው አልጠበበም፤ አልሰፋምም። መልሳ አየችው። አልሰፋም።

ምስሉ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የማሩ እጅ መስሏት ነበር፤ ከዚያ ግን ማሩ ራሱ ከልጁ ጀርባ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ቆሞ አየችው። ስልኩን የያዘችው አበቡ ናት። የትነበርሽ መንቀጥቀጡን ለመመዘን ሞከረች፤ በፊት ከነበረው ያነሰ ይሁን የበዛ ማወቅ አይቻልም፣ በፊት የተቀረጸ የለም። ድምፁን ከፈተችው።

«እማዬ! ነይ እዪው!» ይላል ከስልኩ ቅርብ የሚጎተት ድምፅ። «አየሽው? አልወደቀም!»

«አየሁት፣ ልጄ» አለች ይመኙሽ ከበስተጀርባ። «አንቺ ግን ዝናቡ ሳይመታሽ ግቢ።»